የመታረሻ ውሃ

አሰላ፣ ታኅሣሥ ወር

ይድረስ ለምወድሽና ትንሽ ትንሽም ለምፈራሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጪ ቀስፎ የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ የላክሁልሽን ቅባት ዛሬም ለጎረቤት አድለሽ ባዶ ዕቃውን አስቀምጠሻል? ከጎረቤት ቂም የያዝሽበት ካለ ታረቂ፣ ገና እየደረሰ ነው። እትዬ ሸዋወርቅን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታሳዪያቸው። እኔ የእርጉዝ ነገር ሆኖ ድካም ድካም ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ። ምንተስኖትም ደህና ነው፣ እጅ ይነሳል። ከሚስቱ ይልቅ አማቱን እንደሚፈራ አሁንም ይምላል።

በስልክ መናገር ሲቻል ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። አንቺ ግን ስልክ ስትይዢ ድምፁን ከፍተሽ ለግቢው ሁሉ ነው የምታሰሚው። ደግሞም የምነግርሽን ግማሹን ሰምተሽ ብርድ ልብስ ደርቢ ትዪኝና ትዘጊዋለሽ። ይህን ነገር እስከ መጨረሻው እንድትሰሚኝ ስለፈለግሁ ነው የጻፍሁት። መነጽርሽን አድርጊ፣ በሩን መለስ አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

እማዬ፣ ለመውለድ አንቺ ቤት አልመጣም።

ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድሁ ምንተስኖት ያውቃል። የበኩር ልጅ በእናት ቤት እንደሚወለድ አጥቼው አይደለም። ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን በእናቷ ጓዳ ካልታረሰች እናት የላትም ወይ እንደምትባልም አውቃለሁ። አንቺም እህቴን ልዩን የወለድሻት ደራ፣ አያቴ ቤት ነው። ልዩም በተራዋ ካንቺ ዘንድ መጣች። እሷ ካለፈች ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከወግም በላይ እንደሆነብሽ ይገባኛል። ባለፈው ወር ለሙት ዓመቷ ስመጣ ሆዴን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ የልዩ ክፍል የልቅሶ ክፍል ሆኖ እንዳይቀርብሽ በሕፃን ድምፅ እንድከፍትልሽ ለመንሽኝ። እሺ አልሁሽ። እሺ ስልሽ ከልቤ ነበር። አሁን ግን ፈራሁ፤ በጣም ነው የፈራሁት። የቅብጠት ፍርሃት እንዳይመስልሽ ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ።

ሥራዬ በጤና ጣቢያው ላብራቶሪ የበሽተኛ ደም በማይክሮስኮፕ ማየት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሰላ ብርድ ስለሆነ ወባ እዚህ አትራባም፤ ወባ የሚገኝበት ሰው ከቆላ የመጣ መንገደኛ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በበጋ፣ ያውም ከአዳማ መሐል ከተማ፣ ረግረግ ከሌለበት ሰፈር የመጡ ሰዎች ደም ውስጥ እናገኛት ጀመር። በዚህ ምክንያት ክረምቱ ሲወጣ ለሥልጠና ወደ ባቱ ላኩን። ያሠለጠኑን አቶ ገርባ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነፍሳት ሲከተሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሴቶቹን ሁሉ በኦሮምኛ «ያ ኢንተላ»፣ አንቺ ልጅ፣ እያሉ ነው የሚጠሩን፤ አንቺ ብታገኚያቸው ትወጂያቸው ነበር።

ወንዱ ቢንቢ ማንንም እንደማይነክስ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እሱ የአበባ ወለላ እየመጠጠ ይኖራል። የምትነክሰው ሴቷ ናት፣ እሷም እንቁላሏን የምታሳድግበት ደም ስለሚያስፈልጋት ነው። ደሙን ካገኘች በኋላ ጥቂት ታርፍና የምትወልድበትን ቦታ ፍለጋ ትወጣለች። ያገኘችው ቦታ ላይ ጥላ አትሄድም እማዬ፣ ትመርጣለች። በውሃው ላይ እያንዣበበች ይናወጥ እንደሆነ፣ ልጆቿን የሚበላ ነገር አድፍጦበት እንደሆነ፣ ፀሐይ የሚበዛበት እንደሆነ ታያለች። በእግሯ ነክታ ትቀምሰዋለች። ካልጣማት እንቁላሏን እንደተሸከመች ሌላ ቤት ትሄዳለች። አቶ ገርባ ይህን ሲያስረዱ እኔ ሆዴ መግፋት ጀምሮኝ ስለነበር ከወንበሬ ላይ መቀመጫ አጣሁ። እንዲህ ያለችውን ክፉ ነገር እንደ እናት ማሰብ ደስ አይልም።

የወባዋ ቢንቢ የምትፈለፈለው በኩሬና በረግረግ ነው ብለን ስንከራከራቸው አቶ ገርባ ሳቁብን።

«ያ ኢንተላ፣ ረግረግ ረግረግ አትበይብኝ። ይቺ አዲስ የመጣችው ከተሜ ናት። እናትሽ ለመጠጥ ብላ ያስቀመጠችውን ንጹሕ ውሃ ነው የምትወደው» አሉኝ።

እኛም አብረን ሳቅን። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው እውነት ነው። ከዚያ ተነሥቼ አሰላ ገባሁ፣ ሥራዬን ያዝሁ፣ ያንቺ ቤት ትዝም አላለኝ። ምን ትዝ ያሰኘኛል? አንቺ እኮ ከአጥሩ ሥር ያለውን ኩሬ በድንጋይ አስሞልተሽ፣ ሣሩን አሳጭደሽ፣ ቆሻሻውን አቃጥለሽ፣ ከእንግዲህ ቢንቢ በደጄ አታልፍም ብለሽ የፎከርሽ ሴት ነሽ።

ደግሞ የአዳማን ውሃ የማያውቅ የለም። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ያልቀዳ ሳይታጠብ ይከርማል። በየግቢው ሮቶው፣ በርሜሉ፣ ጄሪካኑ ተደርድሯል። አራስ ያለባት ቤት ውሃ ካጣች ደግሞ የሴትየዋ ስም ይጠፋል። ለዚህ ነው ገና ሆዴ ሳይታይ ውሃ ማጠራቀም የጀመርሽው። የቀበሌ ጤና ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ ውሃው ውስጥ መድኃኒት ሊጨምሩ ነው ሲባል ምን እንዳደረግሽም በስልክ እየሳቅሽ ነግረሽኛል። መድኃኒቱ ማሕፀን ያደርቃል የሚል ወሬ ሰምተሽ ኖሮ በርሜሉን ወደ ልዩ ክፍል አስገብተሽ፣ በጄሪካን እያመላለስሽ ሞልተሽ፣ ጋቢ አልብሰሽ፣ ግቢ ያለውን ባዶ ሮቶ አሳይተሽ ሸኘሻቸው። እኔም በስልክ ሳቅሁልሽ። አሁን ያ ሳቄ ትዝ ሲለኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

የሙት ዓመቷ ድግስ ባለፈ በማግስቱ፣ እንግዳው ሲበተን፣ ረፋድ ላይ ጋደም ልበል ብዬ ልዩ ክፍል ገባሁ። ከጆሮዬ ሥር ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። በእጄ አባረርሁት፣ ሌላ መጣ። ከመጋረጃው ኋላ በርሜሉን አየሁትና ጋቢውን ገለጥ አደረግሁ። በነጩ ኩባያሽ ቀድቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድሁት።

እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ቢንቢ ሁሉ አንድ አይደለም። ትሉ በውሃው ውስጥ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ወባ አያመጣም። የወባዋ ትል በውሃው ፊት ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚተኛው። ኩባያሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ ጋደም ብለው ነበር። ኩባያውን ሳነቃንቀው ደንግጠው ወደ ታች ወረዱ፣ እንደገና አንድ በአንድ እየወጡ ተጋደሙ። ውሃው ግን ንጹሕ ነው፤ የኩባያው ሥር ጥርት ብሎ ይታያል። በዚህ መሐል አንቺ ገባሽ፤ ኩባያውን ከጀርባዬ ደበቅሁት።

«እሱን አትንኪብኝ፣ የመታረሻሽ ውሃ ነው። የልዩንም እዚሁ ነበር ያስቀመጥሁላት፤ ጥላ ስለሆነ አይሞቅም» አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ የተናገርሽው አንዱም አልገባኝም። የገንፎውን እህል እንዳስፈጨሽ፣ ቅቤውን እንዳነጠርሽ፣ ማን ቀድሞ እልል እንደሚል ስትነግሪኝ አፍሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር የማየው። ሣጥኑን ከፍተሽ አጎበሩን ስታሳዪኝ ግን ሰማሁሽ። ቀበሌ የሰጠሽን አጎበር ለልዩ ልጅ ብለሽ ከነላስቲኩ አስቀምጠሽው ነበር፤ አሁን ለእኔ ልጅ እንደሚሆን ነገርሽኝ። ላስቲኩ አልተቀደደም። እጥፋቱ እንኳ አልተነካም።

ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። ከል ለብሰሽ፣ ዓይንሽ አብጦ፣ ለእኔ ልጅ ስትስቂ ምን ብዬ ልጀምር? ሆድ ይፍጀው አልሁ። ለምሳ ለቡና ስታቆዪኝ መንገዱም ስለመሸብኝ በዚያው ክፍል፣ በዚያው አልጋ አደርሁ። እንቢ ሌላ ክፍል ልተኛ ብል ምክንያቱን ትጠይቂኝ ነበር።

ስለ ልዩ እንድጽፍልሽ አትጠብቂ። ከአርሲ ነገሌ ስትመጣ ጤነኛ እንደነበረች፣ ካንቺ ዘንድ ከሰነበተች በኋላ ትኩሳት እንደያዛት፣ እትዬ ሸዋወርቅ ምች ነው ብለው ዳማከሴ እንደጨመቁላት፣ በማግስቱ ላብ አጥምቋት ቀለል ብሏት ምግብ እንደጠየቀች፣ ከዚያ ተመልሶ እንደጣላትና ሐኪም ቤት ስትደርስ እሷም ልጇም እንዳለቀላቸው አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። አንቺ የሰው ዓይን ነው ትያለሽ። ባሏ ዲበኩሉ የእግዜር ቁጣ ነው ይላል። እኔ አጠገቧ አልነበርሁም፣ ደሟንም አላየሁትም። ያላየሁትን ነገር አልጽፍም።

ይልቅ የማውቀውን ልጻፍልሽ። አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም። ስለ በርሜሉ ማንም የነገረሽ የለም። ወባ ከጭቃና ከቆሻሻ ይመጣል ብለው ያስተማሩን ሁላችንንም ነው። ለልጅሽ ጥላ ያለበት፣ ንጹሕ፣ የረጋ፣ ማንም የማይነካው ውሃ መረጥሽላት። ያቺም ቢንቢ ለልጆቿ የምትመርጠው ይህንኑ ነው። ሁለት እናቶች አንድ በርሜል ወደዱ፣ ሌላ ምንም የለም። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው፣ ካላመንሽኝ ለንስሐ አባትሽ አስነብቢያቸው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። እዚህ ብርዱ ቢንቢ አያስቀምጥም፣ ጆሮዬ ግን ይሰማታል። ቤት ውስጥ የተረፈ ውሃ ካየሁ እደፋለሁ፤ የእጅ መታጠቢያውን ባልዲ ስለምገለብጥበት ምንተስኖት የባልዲ ፖሊስ ብሎኛል። ልጁ ሲንቀሳቀስ እፈራለሁ፣ ሲያቆምም እፈራለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የምትዪው ተረትሽ አፌ ላይ ሲመጣ ምላሴን እነክሳለሁ።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳትዪኝ እንጂ የምለምንሽ ነገር አለ። በርሜሉን ዛሬውኑ ድፊው። እንደ ልማድሽ ለበረከት ብለሽ ከሥሩ አታስቀሪ፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ ፀሐይ ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ ድፊው። ውስጡን ፈትገሽ አጥበሽ ስትሞዪው ጋቢ ሳይሆን የሚገጥም ክዳን አድርጊበት፣ ክዳን ካጣሽ በላስቲክ ወጥረሽ እሰሪው። ሮቶውንም እንዲሁ። አጎበሩን ከሣጥን አውጥተሽ ራስሽ አልጋ ላይ ስቀይው፤ ልጁ የራሱን ያገኛል። የቀበሌዎቹ ልጆች ከመጡ በር ክፈቺላቸው። ማሕፀን አያደርቅም እማዬ፣ በእኔ ይሁንብሽ።

ለመውለዱ ደግሞ ወጉን እናዙረው። አንቺ ወደዚህ ነይ። እናት ካለችበት እሱ የእናት ቤት ነው፣ ማን ምን ይላል? ለገና ብትመጪ ይደርሳል፤ መውለጃዬ ከዚያ ወዲያ ነው። ገንፎሽንም እዚሁ ታገነፊያለሽ።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍሁት ትናንት ቤቴ ሆኜ ነው። በእንግዳ እጅ ልልክልሽ አስቤ ትራስ ሥር አስቀምጬው ነበር። የሚከተለውን የምጽፈው ዛሬ ነው፣ ከቤቴም አይደለም።

ድካም ድካም ይለኛል ብዬሽ ነበር። ከሰሞኑ ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር፣ አጥንቴን የሚያንቀጠቅጥ። ምንተስኖት የአሰላ ብርድ ነው አለኝ፣ እኔም የአሰላ ብርድ ነው አልሁ። የአሰላ ብርድ ለሁሉም ነገር ሰበብ ይሆናል። ከዚያ ሲለቀኝ ደህና እሆናለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እስቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ላብራቶሪ ሳለሁ መቆም አቅቶኝ ጠረጴዛውን ተደገፍሁ። ባልደረባዬ ዋፊቃ ምንም ሳትጠይቀኝ ጣቴን ወጋችና ደሜን በማይክሮስኮፑ መስተዋት ላይ አደረገችው።

ዋፊቃን አታውቂያትም፤ ወሬኛ ናት፣ ልቧ ግን ማር ነው። የማንንም ውጤት በጮኸ ድምፅ ነው የምትናገረው። ነጻ ለሆነ ሰው ሻይ ጋብዘኝ ትለዋለች፣ የማታውቀውን ሽማግሌ እንኳ። ዛሬ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ሻይ ጋብዢኝም አላለችኝም። እኔም ልየው ስላት ከለከለችኝ፤ አብረን ስንሠራ ከልክላኝ አታውቅም። የራሷን ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝና ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። እየሮጠች ነበር የወጣችው።

አትደንግጪ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። በጊዜ ነው የደረስሽው ብለውኛል፣ እዚህ ጤና ጣቢያ ያሉት ጎበዞች ናቸው፣ ሁሉም ያውቀኛል፣ አልጋዬም መስኮት አጠገብ ነው። ልጁ ጠዋት ደህና አድርጎ ሲገላበጥ ነበር። ከቀትር በኋላ ጸጥ ብሏል። ይተኛል ይላሉ፣ ሆድ ውስጥም እንቅልፍ አላቸው። እኔም ተኝቶ ነው ብያለሁ።

ከዚህ ወዲያ የእጅ ጽሑፉ ቢለወጥብሽ ምንም አይደለም፤ እኔ እየተናገርሁ ምንተስኖት ነው የሚጽፍልኝ። እጄ ዝሎብኝ ነው። ፊደሉ አስቀያሚ ስለሆነ ይቅርታ እንድጠይቅለት ብሏል።

እማዬ፣ ለገና ነይ ያልሁሽን ተዪው። ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ኢተፋ ይባላል፣ የምንተስኖት ጓደኛ ነው፣ የአዳማን መስመር የሚሠራ ሚኒባስ አለው። ዛሬ ተሳፋሪ አልጫነም። አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ መኪናውን ሳያጠፋ በር ላይ ይጠብቅሻል። ቤት ግባና ቡና ጠጣ እያልሽ አታቆዪው። ገንፎውንም ቅቤውንም ተዪው፣ በርሜሉንም እትዬ ሸዋወርቅ ይድፉልሽ። ልብስ አልቀየርሁም አትበዪ። መንገድ ላይ እትዬ ሸዋወርቅ ቢጠይቁሽ ልጄ ናፈቀችኝ በያቸው።

አንቺ መመረቅ ታውቂያለሽ፣ እኔ አላውቅበትም፤ ቢሆንም ዛሬ ልመርቅሽ። ዓይንሽ ክፉ አይይ። ጉልበትሽ ይጽና። የምታቅፊው አይጥፋ። መንገዱ ይቅናሽ፣ የሶደሬ መታጠፊያም የኢተያው አቀበትም ቀና ይሁንልሽ። ስትደርሺ ያለሁበትን ክፍል ዋፊቃ ታሳይሻለች፤ በር ላይ ቆማ ትጠብቅሻለች።

ኢተፋን ነገ እመጣለሁ አትበዪው።

የቀረሁሽ ልጅሽ